ፓምፐርስ ሲወደድ፦ የሽንት ጨርቅ ለመስፋት ለጠየቃችሁኝ

የፓምፐርስ ዋጋ ሲንር የሚደርሱኝ ጥያቄዎችም ወደ አንድ ጉዳይ ያዘነብላሉ። የሽንት ጨርቅ ቤት ውስጥ እንዴት ይሰፋል? ከምን? በስንት? ዛሬ የቻልኩትን ያህል ሰብስቤ እመልሳለሁ። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልበል። አብዛኞቻችሁ የተጨነቃችሁት ስለ ስፌቱ ነው። ስፌቱ ቀላሉ ነው። ብሩ የሚያልቀው ውሃው፣ ሳሙናውና ማድረቁ ላይ ነው። ስለዚህ ስለ ጨርቅ ስትጠይቁኝ ደጋግሜ «ቶሎ ይደርቃል ወይ?» ብል እንዳትሰለቹኝ።

«የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። የስፌት መኪና የለኝም፣ ብሩም ብዙ አይደለም። ስንት የሽንት ጨርቅ ላዘጋጅ? ከምን ዓይነት ጨርቅ?» (ከጉለሌ)

በሰላም ያገላግልሽ እህቴ። ስለ መኪናው አታስቢ። አንቺ የሚያስፈልግሽ አራት ማዕዘን ጨርቅ ነው፤ ጎኑ ሁሉ 70 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ነጠላ፣ ዳር ዳሩ የተቀመቀመ። አለቀ። ብዙ ሰው ላስቲክና ቁልፍ ያለው፣ ውስጡ ስድስት ንብርብር የሆነ፣ ሲያዩት ፓምፐርስ የሚመስል ነገር ለመስፋት ይነሳል። ያ ጨርቅ ያምራል፤ ግን ወፍራም ስለሆነ ሳይደርቅ ይመሻል። ነጠላው ጨርቅ ሲታጠፍ ይወፍራል፣ ሲሰጣ ይሳሳል። ለዚህ ነው የምመርጠው።

ብዛቱን እንይ። አራስ ልጅ በቀን ከ10 እስከ 12 ጊዜ ሊቀየር ይችላል። በየቀኑ የምታጥቢ ከሆነ 20 ይበቃሻል። በሁለት ቀን አንዴ ከሆነ ወደ 30 ውሰጂው። እያደገ ሲሄድ በቀን ከ6 እስከ 8 ስለሚወርድ ያው 20 ጨርቅ ይተርፍሻል። መጀመሪያውኑ 40 እንድትሰፊ የሚመክርሽ ካለ አትስሚው።

ጨርቁ ጥጥ ይሁን። አቡጀዲም ይሆናል። ፒጃማ የሚሰፋበት ለስላሳው ፍላኔል ከተገኘ ደግሞ የበለጠ ይመጥጣል። ሱቅ ስትሄጂ ስፋቱን ሳትጠይቂ ዋጋ አትጠይቂ። ስፋቱ 150 ሳ.ሜ. የሆነ ጨርቅ በየ70 ሳ.ሜ.ው ሁለት ይወጣዋል፤ ስለዚህ 20 ጨርቅ ለማውጣት 7 ሜትር ማለት ነው። ስፋቱ 90 ሳ.ሜ. ከሆነ ግን አንድ አንድ ብቻ ስለሚወጣ 14 ሜትር ያስፈልግሻል። በሜትር ርካሽ የመሰለው ሲደመር ውድ ሆኖ ይገኛል። ጥጥ ሲታጠብ ስለሚገባ ግማሽ ሜትር ያህል ጨምሪ። ከመቁረጥሽ በፊት ደግሞ በሙቅ ውሃ እጠቢው።

ሻጩ «ንጹህ ጥጥ ነው» ይልሻል። ይበል። አንቺ ከጫፉ ክር መዝዘሽ ከጨርቁ ራቅ አድርገሽ በክብሪት አቃጥይው። ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ነዶ፣ እንደ ወረቀት ሸትቶ፣ በጣት ስትነኪው የሚበን አመድ ይተዋል። ፖሊስተር ያለበት ከሆነ ይኮማተርና ጫፉ ላይ ጥቁር ጠጣር እንክብል ይሠራል፤ ሽታውም የላስቲክ ነው። እንክብሉን ካየሽ ጨርቁን መልሰሽለት ውጪ። ፖሊስተር ሽንት አይጠጣም፣ ያፈሳል።

አዲስ ጥጥ ደግሞ የተፈጥሮ ቅባትና ከፋብሪካ የመጣ ስታርች ስላለበት መጀመሪያ ላይ ውሃ አይቀበልም። በሙቅ ውሃና በሳሙና አራት አምስት ጊዜ እጠቢው። ከዚያ አንድ ጠብታ ውሃ ጣል አድርጊበት። ጠብታው እንደ ዶቃ ቁጭ ካለ ገና ነው። ወዲያው ከጠለቀ ደርሷል።

ቅምቅማቱ በእጅ ይሆናል። ጫፉን ሁለቴ አጥፈሽ በጥቃቅኑ ትጠቅሚዋለሽ። ቡና እስኪፈላ ድረስ አንድ ጎን ያልቃል። ካልሆነም ሁሉንም አንድ ላይ ጠቅልለሽ ለሰፈር ልብስ ሰፊ ስጪ። በቁጥር ሳይሆን በጥቅል ተደራደሪ፤ ቀጥ ያለ ስፌት ስለሆነ መኪናው ላይ ጊዜ አይወስድበትም።

አስተሳሰሩ እንዲህ ነው። ጨርቁን ከማዕዘን ማዕዘን አጥፈሽ ሦስት ማዕዘን አድርጊው። ረጅሙ ጎን በወገቡ በኩል ይሁን። መሃሉ ላይ ከሌላ ጨርቅ የታጠፈ ረጅም ሽንጥር አስገቢበት። ወንድ ከሆነ ወደፊት አወፍሪው፣ ሴት ከሆነች መሃል ላይ። ሹሉን ጫፍ በእግሮቹ መካከል ወደ እምብርቱ አውጥተሽ፣ ሁለቱን ክንፎች ከጎንና ጎን አምጥተሽ በአንድ መርፌ ቁልፍ ያዢው። መርፌውን ስትሰኪ የራስሽን ጣት በጨርቁና በልጁ መካከል አድርጊ። ቢወጋም አንቺን ይውጋ። የእምብርቱ እትብት እስኪወድቅ ድረስ የፊቱን ጠርዝ ዝቅ አድርገሽ እጠፊው፤ እንዳይታሽ።

«ልጄ ሁለተኛዋን ልትወልድ ነው። ያረጀ ጋቢና ነጠላ አለኝ። ቆርጬ ላዘጋጅልሽ ስላት ‹እማዬ እሱ ዘመኑ አልፏል› አለችኝ። እውነት አልፏል?» (አያት፣ ከደብረ ብርሃን)

አላለፈም እማማ። እርስዎ አሮጌ የሚሉትን የፈትል ነጠላ የሚያህል የሽንት ጨርቅ ከየትም ሱቅ አይገዛም። ለዓመታት ታጥቦ ቅባቱ ሁሉ ወጥቷል፣ ለስልሷል። በእጅ የተፈተለ ማግ ላላ ብሎ ስለሚሸመን ውሃ ቶሎ ይጠጣል፣ ቶሎም ይደርቃል። ባሕር ማዶ ያሉ እናቶች እንዲህ ዓይነቱን ጥጥ በውድ ዋጋ ነው የሚገዙት፤ ለልጅዎ ይህንን ይንገሯት።

ጥለቱን ግን ቆርጠው ያውጡት። የሚያብረቀርቀው ክር ጥጥ አይደለም፤ የሕፃን ጭን ይፍቃል። ዘርፉንም እንዲሁ። ይህን የምለው ለወግ አይደለም። የተፈታ ክር በሕፃን ጣት ወይም በወንድ ልጅ ብልት ላይ ተጠምጥሞ የደም ዝውውር ሊያቋርጥ ይችላል። ልጁ አለምክንያት አምርሮ ካለቀሰ ጨርቁን ፈትተው ጣት በጣት የሚታይበት ምክንያት ይኸው ነው።

ሌላው ችግር ነጠላ ሲቆረጥ መተርተሩ ነው። ስለዚህ አስቀድመው አይቁረጡ። መቁረጫውን መስመር በጠመኔ ያስምሩ፤ ከመስመሩ ግራና ቀኝ በመኪና ወይም በእጅ አንድ አንድ ስፌት ያሂዱበት። ከዚያ በሁለቱ ስፌቶች መካከል ይቁረጡ። ክሩ ንቅንቅ አይልም። ቅምቅማቱን በኋላ ተረጋግተው ይሠሩታል።

ጋቢው ላይ ግን አልስማማም። አራት እጥፍ ጨርቅ በደብረ ብርሃን ብርድ መቼ ሊደርቅ ነው? ንብርብሩን ፈተው ሁለት ሁለት ያድርጉት። ወይም ስፋቱ 15 ሳ.ሜ.፣ ርዝመቱ 35 ሳ.ሜ. የሆነ ሽንጥር እያደረጉ ይቁረጡት፤ ለሌሊት ከነጠላው ውስጥ ይገባል። ከአንዱ ጋቢ ብዙ ይወጣል። የሚተርፈው ደግሞ ሕፃኑ ሲያገሳ ለትከሻ።

«የአምስት ወር ሴት ልጅ አለችን። ጨርቁ ጥሩ ነው፤ ግን ልብሷንም አልጋውንም እኔንም ታርሳለች። እናቴ ‹ከላይ ፌስታል እሰሩላት› ትላለች። ባለቤቴ ‹በጭራሽ› አለች። ማን ልክ ነው?» (አባት፣ ከአዳማ)

ባለቤትህ። ፌስታል ሕፃን ባለበት አልጋ ላይ መኖር የለበትም፤ ፊት ላይ ከተለጠፈ ትንፋሽ ያፍናል። በዚያ ላይ በአዳማ ሙቀት በፌስታል የታሰረ መቀመጫ ተቀቅሎ ነው የሚውለው።

እናትህ ግን ከመሬት ተነስተው አልተናገሩም። ማሪዮን ዶኖቫን የምትባል አሜሪካዊት እናት በ1946 እ.ኤ.አ. የተነሳችው ከዚሁ ከአንተ ችግር ነው። የሻወር መጋረጃዋን ቆርጣ በስፌት መኪናዋ ከጨርቁ በላይ የሚለበስ ሽፋን ሰፋች። በኋላ መጋረጃውን ትታ ፓራሹት ወደሚሰፋበት ናይለን ዞረች፤ ከላስቲኩ ይልቅ እሱ ያስተነፍሳል። መርፌ ቁልፉንም ጠቅ ብሎ በሚዘጋ ቁልፍ ተካችው። በ1949 ኒው ዮርክ ውስጥ በትልቅ ሱቅ መሸጥ ጀመረ። ፓምፐርስ ራሱ የመጣው ከዚያ ወዲህ በ1961 ነው።

አንተም ያንኑ ታደርጋለህ። ሳልቫጅ ተራ ሄደህ ስስ የዝናብ ጃኬት ፈልግ። ገዝተህ ቤት ስትገባ ጨርቁን ብርጭቆ አፍ ላይ ወጥረህ ውሃ አፍስበት። ጥቂት ጠብቅ። ከታች ካልረጠበ ይሆናል። ካረጀና ውስጡ መላላጥ ከጀመረ አይሆንም። የዝናብ ጃኬት ካጣህ ፀጉራም የሆነው ወፍራሙ የብርድ ሹራብ፣ ያ ሲነካ ለስላሳ የሆነው ፖሊስተር፣ መልካም ነው። ቅድም ለውስጥ አይሆንም ያልኩት ፖሊስተር ውሃ ስለማይጠጣ ለውጪ ግን ተመራጭ ነው። ሙሉ በሙሉ አያግድም፤ ግን አየር ያስገባል፣ በአንድ ሌሊትም ይደርቃል። ሦስት ወይም አራት ሽፋን በቂ ነው። ካካ ካልነካው በቀር በእያንዳንዱ ቅያሪ አይታጠብም፣ ንፋስ ተመቶ ይደገማል።

ልኩን ለማውጣት አንድ አዲስ ፓምፐርስ ካርቶን ላይ ዘርግተህ ዙሪያውን በእርሳስ ንደፍ። ጨርቁ ከውስጥ ስለሚወፍር በሁሉም በኩል 3 ሳ.ሜ. ጨምር። ለእግሩ መውጫ ላስቲክ ያስፈልጋል፤ 25 ሳ.ሜ. ቦታ ላይ 15 ሳ.ሜ. ላስቲክ እየሳብክ ትሰፋለህ። ስታወልቅላት ጭኗ ላይ ጠለቅ ያለ ቀይ መስመር ካየህ ጠብቋል፤ ፍታና አላላው። ክሩ ፖሊስተር ይሁን። የጥጥ ክር ሽንቱን በስፌቱ በኩል እየሳበ ወደ ውጪ ያወጣዋል፤ ሰው ይህን ሳያውቅ ጨርቁን ይረግማል። ስትሰፋ ስፒልም መሃል ላይ አትሰካበት፤ የቀዳኸው ቀዳዳ ሁሉ ያፈሳል። በልብስ መቆንጠጫ ያዘው።

እና ከሁሉ በፊት አሁን ያላችሁን እይ። አብዛኛው ማፍሰስ ከሽፋኑ አይደለም። የውስጡ ጨርቅ ጫፍ በጭኗ በኩል ሾልኮ ሲወጣ ነው። በጣትህ ዙሪያውን እየዞርክ ወደ ውስጥ አስገባ። ምናልባት ምንም መስፋት ላያስፈልግህ ይችላል።

«ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው፣ ውሃ በፈረቃ ነው። የሽንት ጨርቅ ባልዲ ውስጥ ዘፍዝፌ ሳቆይ ቤቱ ይሸታል። በረኪና ልጨምርበት?» (ከሰሚት)

አይ፣ አይ። ሽንት ውስጥ አሞኒያ ይፈጠራል። በረኪና ሲገናኘው ዓይንና ሳንባ የሚለበልብ ጋዝ ያወጣል። በተለይ መታጠቢያ ቤት በር ዘግተሽ። ኮምጣጤም ከበረኪና ጋር አይገናኝም።

መዘፍዘፉንም ተዪው። ውሃ ትጨርሻለሽ፣ ሽታ ታተርፊያለሽ። ክዳኑ ገርበብ ያለ ደረቅ ባልዲ ይሻላል። ሽንት ብቻ የነካውን እንዲሁ ጣይው። ካካ ያለበትን መጀመሪያ ሽንት ቤት አራግፈሽ በትንሽ ውሃ ለቅለቅ አድርጊው። ጡት ብቻ የሚጠባ ልጅ ካካ በውሃ ይሟሟል፤ ምግብ ከጀመረ በኋላ ግን ማራገፉ ግድ ነው። ውሃ ሲመጣ አስቀድመሽ በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቂ። ከዚያ በሙቅ ውሃና በኦሞ እሺው፤ አረፋው እስኪጠፋ አለቅልቂው። የቀረ ሳሙና ቆዳ ያቃጥላል። የመጨረሻውን ማለቅለቂያ ውሃ አትድፊው፤ ወለል ይጠርግልሻል፣ ሽንት ቤት ያወርድልሻል። ልብስ የሚያለሰልሰውን ሽቶ ያለው ፈሳሽ ከዚህ ጨርቅ አርቂው፤ ክሩን እየለበጠ ውሃ እንዳይጠጣ ያደርገዋል።

ቢጫው እድፍ ካልለቀቀ በረኪና አያስፈልግም። እርጥቡን ፀሐይ ላይ ስጪው። ሲመሽ ራስሽ ትደነቂያለሽ።

አሁን እውነቱን ልንገርሽ። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ የሚመጣልሽ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ወደ ጨርቅ አትግቢ። በቀን 6 ፓምፐርስ የሚጨርስ ልጅ በወር 180 ነው። ቀን ቤት ስትሆኑ ሦስቱን በጨርቅ ብትተኪ 90 ይቀርልሻል። የአንዱን ዋጋ በ90 አባዢው። ለታንከር ውሃ የምትከፍዪ ከሆነ ደግሞ እሱን ቀንሺበት። የሚተርፍሽ ነገር ከሌለ ጨርቁ አያዋጣሽም፤ ማንም ሊወቅስሽ አይገባም።

«ክረምት ላይ ምን ይሻላል? አይደርቅልኝም።» (ከደሴ)

ነጠላ ነጠላ አድርጊው፣ በደንብ ጭመቂው፤ ከጨመቅሽ በኋላ በደረቅ ፎጣ ጠቅልለሽ ድገሚው። ቤት ውስጥ ገመድ ወጥሪ፣ ግን ከከሰል ምድጃ በላይ አይሁን፤ በተዘጋ ቤት ከሰል አይነደድም። እንደ እርጥብ ሆኖ የቀረውን ካውያ ይጨርሰዋል። ሞቃታማ ቆላ አካባቢ ያላችሁ ደግሞ ውጪ የተሰጣውን ሁሉ በካውያ ሳትሉት አታስሩ። እርጥብ ልብስ ላይ እንቁላል የምትጥል ዝንብ አለች፤ ትሏ ቆዳ ውስጥ ይገባል። የካውያ ሙቀት ይገድለዋል።

«እህቴ ከዋሽንግተን ልትመጣ ነው። ‹የተሰፋ የሽንት ጨርቅ ላምጣልሽ?› ብላኛለች። ምን ልበላት?» (ከባሕር ዳር)

የተሰፋውን ተዪው። «ፒዩኤል» የሚባል ጨርቅ ሁለት ሜትር ታምጣልሽ፤ ፊቱ ጨርቅ፣ ጀርባው ውሃ በማያሳልፍ ስስ ሽፋን የተለበጠ ነው። ሻንጣ ውስጥ ቦታ አይፈጅም፣ ከአንዱ ሜትር አራት ወይም አምስት ሽፋን ይወጣል። የሚያብረቀርቀው ፊት ወደ ውስጥ፣ ወደ ጨርቁ ይዙር። በጣም አይቀቀልም፣ በረኪናም አይነካውም፤ ይላላጣል። ለመዝጊያ ጠቅ ብሎ የሚዘጋውን የላስቲክ ቁልፍ ከነመግጠሚያው ብትጨምርልሽ አትጥይው።

«ጨርቅ ከጀመርን ወዲህ የልጄ መቀመጫ ቀላ። ቅቤ ልቀባው?» (ከጅማ)

ቅቤ ይቅር። ፓውደርም ይቅር፣ ዱቄቱ ወደ ሳንባ ይገባል። ጨርቅ እንደ ፓምፐርስ እርጥበቱን ስለማይደብቀው ቶሎ ቶሎ ይቀየራል፤ በየሁለት ሰዓቱ፣ ካካ ካለ ወዲያው። በቀን ጥቂት ጊዜ ራቁቱን ፎጣ ላይ ይተኛ። ቫዝሊን ስስ አድርገሽ ቀቢው፤ ቅባቱ ጨርቁን እንዳያደነዝዘው ግን ከላይ ከአሮጌ ቲሸርት የተቆረጠ ቁራጭ ጣል አድርጊ። በሁለት ሦስት ቀን ካልተሻለው፣ የጭኑ እጥፋት ውስጥ ደማቅ ቀይ ሆኖ ዙሪያው ነጠብጣብ ካወጣ፣ ውሃ ከቋጠረ ወይም ካተኮሰው ጤና ጣቢያ ውሰጂው። ነጠብጣቡ ፈንገስ ሊሆን ይችላል፤ እሱ የራሱ መድኃኒት አለው።

«አማቴ ‹በወፍራም ጨርቅ የታሰረ ልጅ እግሩ ይወለጋገዳል› ይላሉ።» (ከጎንደር)

አይወለጋገድም። ሕፃን ሲወለድም እግሩ ቀስት ነው፤ እስከ ሁለት ዓመት ገደማ ድረስ ራሱ ይቃናል። ዳሌ የሚጎዳው ሁለቱን እግሮች ቀጥ አድርጎ አጥብቆ መጠቅለል ነው። እግሩ ከፈት ብሎ መታሰሩ ምንም አይለውም።

«መንታ ናቸው። ቀን በጨርቅ ነው፤ ሌሊት ግን ሦስቴ እየተነሳሁ መቀየር አቃተኝ።» (ከሐዋሳ)

ሌሊት ፓምፐርስ አድርጊላቸውና ተኚ።

«ልብስ ሰፊ ነኝ። ይህን እየሰፋሁ ብሸጥ ያዋጣኛል?» (ከኮልፌ)

ጨርቁን ብቻ ብትሸጥ አያዋጣህም፤ አራት ማዕዘን መቀምቀም ማንም ይችላል። ገበያው ያለው ሽፋኑ ላይ ነው። ላስቲክ በትክክል የተሳበበት፣ የማያፈስ ሽፋን መስፋት እጅ ይጠይቃል። በሦስት ልክ ጀምር። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ለምታውቃቸው እናቶች በነፃ ስጥ፤ ሃያ ጊዜ ካጠቡት በኋላ ተመልሰው ያሳዩህ። ላስቲኩ ከላላ ወይም ስፌቱ ካፈሰሰ የዚያን ጊዜ ታስተካክላለህ። ለጥቅሉ ከሱቅህ የሚተርፈውን የጥጥ ቁርጥራጭ ሽንጥር እያደረግክ ጨምርበት፤ አሁን ለጥራጊ የምትሰጠው እሱ ነው።